የወርቁ መንገድና የባሕሩ ኬብል፦ አሶሳ ከቀይ ባሕር ጋር ያላት ታሪክ

በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ ወረዳዎች ወርቅ አጥቦ የሚያድር ሰው ያገኘውን ቋጥሮ ወደ ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዕለቱን ዋጋ ነው። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛው የዓለምን ገበያ ተከትሎ ስለሆነ፣ ለንደን ላይ የተቆረጠው ዋጋ ቤኒሻንጉል ድረስ መምጣት አለበት። ዋጋው በሞባይል ስልክ ላይ ከመታየቱ በፊት አብዛኛውን ርቀት የሚጓዘው በባሕር ወለል በተዘረጋ ኬብል ነው። ኬብሉ የሚያርፈው ግን በጎረቤት አገር ጠረፍ ነው። ከአሶሳ ጅቡቲ ድረስ ቀጥታ መስመር ቢሰመር 950 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል።

ሳይሠራ የቀረው የመጀመሪያው መስመር

በቀይ ባሕር የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ገመድ የተዘረጋው በ1851 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1859) ነበር። ከስዊዝ ተነስቶ በቁሴይርና በሱዋኪን በኩል አድርጎ ዓደን ገባ። መሐሉ መዳብ ነው፤ መዳቡ ጉታ ፐርቻ በተባለ የዛፍ ሙጫ ተለብጦ ላዩ በብረት ሽቦ ተጠምጥሟል። ሲዘረጋ ግን እንዲረግብ አልተደረገም። ወጣ ገባ በበዛው የባሕር ወለል ላይ ተወጥሮ ተንጠለጠለ፤ የባሕር ፍጥረታት ተጣብቀውበት ክብደቱ ሲጨምር ይበጠስ ጀመር። ብዙም ሳያገለግል ከጥቅም ውጪ ሆነ።

የዚህ ውጤት በመቅደላ ዘመቻ ታየ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ጠረፍ ወደ ደጋው የራሱን የቴሌግራፍ ሽቦ ቢዘረጋም ከጠረፉ ወዲያ የሚቀበለው የባሕር ገመድ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሰዉ ወሬው በመርከብ ስዊዝ ድረስ መሄድ ነበረበት። የኒው ዮርክ ሄራልድ ዘጋቢ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የቴሌግራፍ ሠራተኛውን አስቀድሞ በገንዘብ ይዞት ስለነበር የእርሱ መልእክት ቀድሞ አለፈ። ወዲያው በእስክንድርያና በማልታ መካከል ያለው ገመድ ተበጠሰ። የእንግሊዝ መንግሥት የራሱን ጦር ድል ከመልእክተኞቹ በፊት ከጋዜጣ ሰማ። ከስዊዝ በዓደን አድርጎ ቦምቤይ የሚደርሰው አስተማማኝ መስመር የተዘረጋው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በዓድዋ ዘመን ሁኔታው ተለውጧል። ጣሊያኖች ምጽዋን በአሰብ በኩል ከፔሪም ደሴት ጋር በባሕር ገመድ አገናኝተው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ጄኔራል ባራቲየሪን የሚወቅስና ለውጊያ የሚገፋፋ ቴሌግራም የላኩት ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። ባሕር አቋርጦ የመጣው ይህ ግፊት ባራቲየሪ ለመዝመት ከወሰነባቸው ምክንያቶች አንዱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሳሉ። ከድሉ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባ–ሐረርን የስልክ መስመር አዘረጉ፤ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ቀጥሎም ከአሥመራ የመጣው የቴሌግራፍ መስመር አዲስ አበባ ገባ። የኢትዮጵያ መንግሥት ቃል ባሕር የሚደርሰው ያን ጊዜም በሌሎች እጅ ባሉ ወደቦች በኩል ነበር።

ቤኒሻንጉል፣ የምዕራቡ በር

ቤኒሻንጉል ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኘው ግን ከስልክም ከቴሌግራፍም በፊት ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች ዋነኞቹ የዚህ አካባቢ ወርቅና ባሪያ ነበሩ። በዚያ ንግድ የበርታና የጉሙዝ ሕዝብ ብዙ ልጆቹን አጥቷል። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን ዘመቻ ግዛቱ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ሲጠቃለል ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በኋላ የአካባቢው ኃያል ገዥ ሆኑ፤ ግብራቸውንም በወርቅ ይከፍሉ ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት የሱዳንን ድንበር ሲያሰምር ዘመዳማቾችን ወዲያና ወዲህ አደረጋቸው። ዛሬም ኩርሙክ የሚባል ስፍራ በሁለቱም ወገን አለ። ሆኖም መንገዱ ሰው ማመላለሱን አላቆመም። በ1933 ዓ.ም. የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ከጣሊያን እጅ አሶሳን ያስለቀቁት በዚሁ በኩርሙክ አቅጣጫ ገብተው ነው።

ብርሃን የሚሸከመው ኬብል

ኢትዮጵያ በ1971 ዓ.ም. የሱሉልታን የሳተላይት ጣቢያ ስትከፍት ከውጭው ዓለም ጋር በሳተላይት መገናኘት ቻለች። የኢንተርኔት ዘመን ግን ሳተላይት ብቻውን የማይችለውን ብዛት አመጣ። በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኢሲ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ውስጥ ኬብል ከደቡብ አፍሪካዋ ምቱንዚኒ እስከ ፖርት ሱዳን 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በሞዛምቢክ፣ በማዳጋስካር፣ በኮሞሮስ፣ በታንዛንያ፣ በኬንያ፣ በሶማሊያና በጅቡቲ ያርፋል። በውስጡ ያለው ጠጉር የሚያህል የብርጭቆ ክር ነው። እንዲህ ባሉ ረጃጅም ኬብሎች ብርሃኑ እየደከመ ስለሚሄድ በየተወሰነ ርቀት የሚያጎለብተው መሣሪያ ይገጠማል፤ መሣሪያው የሚሠራበት ኤሌክትሪክም በኬብሉ ውስጥ ከጠረፍ ይላካል።

ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ ከእነዚህ ኬብሎች የምትደርሰው በየብስ በዘረጋችው ፋይበር ነው፦ በጅቡቲ፣ በመተማ በኩል በሱዳን፣ በሞያሌ በኩል ደግሞ በኬንያ። አንዱ ሲቋረጥ ሌላው እንዲይዝ መሆኑ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሦስት ኬብሎች በአንድ ጊዜ ሲቆረጡ የአማራጭ ጥቅም ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ በሚሳኤል የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ እየተንሳፈፈች መልሕቋን በመጎተቷ ሳይሆን እንዳልቀረ ተነግሯል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም፣ ጅቡቲ ቴሌኮምና የሱዳኑ ሱዳቴል ሆራይዘን የተባለ የሦስትዮሽ የየብስ ፋይበር ለመገንባት የተስማሙትም ባሕሩን በየብስ ለመደገፍ ነው።

የእኔ ክርክር በዚህ ውጥን ላይ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይታሰብ የሚል ነው። የአሶሳ–ነቀምት መንገድ በጸጥታ ችግር ለወራት ሲዘጋ በአንድ መስመር መንጠልጠል ምን ማለት እንደሆነ የአሶሳ ሰው ኖሮ አይቶታል። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከገባች ወዲህ በኩርሙክ የገቡ ስደተኞች በኡራ መጠለያ ተጠግተዋል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የሱዳን የስልክ ኔትወርክ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሲቋረጥ፣ ድንበሩን ያለፈ ሰው እዚያ የቀሩት ቤተሰቦቹ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ የሚያጣራበት መንገድ አጣ።

ሰላም እስኪወርድ ድረስ ኬብል ድንበር አቋርጦ የሱዳኗ ዳማዚን ሊገባ አይችልም። በእኛ በኩል ያለውን ግን ከወዲሁ ማጠናከር ይቻላል፦ አሶሳን በሁለተኛ አቅጣጫ፣ በመተከል በኩል፣ ከዋናው መረብ ጋር ማሰር፤ ከአሶሳ ኩርሙክ ያለውንም መስመር ለዓለም አቀፍ መውጫ በሚበቃ አቅም መገንባት። ዘመናዊው መረብ አሶሳን የመስመር መጨረሻ አድርጎ ያያታል፤ ታሪኳ ግን የበር ታሪክ ነው። የአገሪቱ አራተኛ መውጫ ሲታቀድ ይህ በር ከመጀመሪያዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሊሆን ይገባዋል።