ከቡናና ከቆዳ ንግድ የተወለደ ኮሌጅ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በሰበታ፥ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚወስደው በቡራዩ፥ ወደ ጎጃም የሚወስደውም በሱሉልታ በኩል ያልፋል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ለዋናይቱ ከተማ ገበያ እንደ በር ሆነው ኖረዋል። ቡናውም ማሩም ቆዳውም አስቀድሞ በጋማ ከብት፥ በኋላም በጭነት መኪና በእነዚሁ በሮች ሲገባ ኖረ። ዳሩ ግን ሸቀጡ ገበያ ከደረሰ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ፥ ትርፉስ በመጨረሻ ምን እንዳፈራ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ከዚህ ንግድ ተካፋይ ከነበሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ሙሴ አንቶኒን ቤስ ናቸው። በ1877 በፈረንሳይ አገር በካርካሶን ከተማ ተወለዱ፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1899 ባሕር ተሻግረው በዓደን ወደብ ለባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠሩ። ይህ ቤት ቀደም ሲል ገጣሚውን አርተር ራምቦን በሐረር ቅርንጫፉ ያሠራው ነው። ራምቦ በ1891 ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ ቤስ ግን ጥቂት ዓመታት እንደ ሠሩ የራሳቸውን የንግድ ቤት አቋቋሙ።

የቤስ ኩባንያ ቡና፥ ዕጣንና ቆዳ ይነግድ፥ የሼል ነዳጅ ወኪል ይሆን፥ መርከብም ያሠማራ ነበር። በአገራችንም ቅርንጫፍ ነበረው። የፍየልና የበግ ሌጦ ከየገበያው ይሰበሰባል፤ ይደርቃል፤ በዓይነቱና በጥራቱ ተለይቶ ይታሰራል፤ በባቡርም ወደ ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ይሻገራል። በየደረጃው ጥቂት ትርፍ ይጨመርበታል፤ ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ግን መርከቡንና የውጭውን ገበያ በያዘው እጅ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዋው የ1930ውን የአፄ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል አይቶ ሲመለስ በዓደን ከቤስ ጋር ተገናኝቶ፥ በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ሌብላን የሚል ስም ሰጥቶ ገልጿቸዋል፤ እንግዳቸውን በሽርሽር ስም በገደል ላይ እያስወጡ የሚያደክሙ ብርቱ ሰው ነበሩ።

እኒህ ነጋዴ ዩኒቨርሲቲ ገብተው አልተማሩም። ሆኖም ሰባ ዓመት ሊሞላቸው በተቃረበ ጊዜና ከዚያም በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ በትምህርት ላይ ዐረፈ፤ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ኮሌጅ ለማቋቋም ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለመስጠት ተነሡ። የሚያስገርመው ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያ ፊት አለመስጠቱ ነው፤ ገንዘቡ ለቆዩት ድኾች ኮሌጆች ቢሰጥ ይሻላል አለ። ሌላ ባለጸጋ ቢሆን ተቀይሞ በተመለሰ ነበር። ቤስ ግን ለስምንት ኮሌጆች 250,000 ፓውንድ አከፋፈሉ፤ ከዚህ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሐሳቡን ለወጠ።

ቅዱስ አንቶኒ የተባለው ኮሌጅ በ1950 በአንድ አሮጌ የሴቶች ገዳም ሕንፃ ውስጥ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ለሚመራመሩ ብቻ የተመደበ፥ የየአገሩን ታሪክ፥ ፖለቲካና ኢኮኖሚ የሚያጠና፥ ከብዙ አገር ተማሪ የሚቀበል ነው። መሥራቹ የሰር ማዕረግ አግኝተው በ1951 ሞቱ፤ የንግሥቲቱ ቻርተር በ1953 ሲሰጥ አላዩም። የኮሌጁ ስም ከእርሳቸው ስም ጋር እንዲቀራረብ ሆኖ የወጣ ነው፤ ነገር ግን ቅዱሱ የፓዱዋው ይሁን የግብፁ ለብዙ ጊዜ አልተለየም ነበር። በ1961 የግብፁ ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ይኸውም የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጥር 22 ቀን የምታከብረው አባ እንጦንስ ነው። ስመ ሞክሼው ልጃቸውም በዌልስ የሚገኘውን የሴንት ዶናት ግንብ ገዝተው በ1962 ለተከፈተው ለአትላንቲክ ኮሌጅ ሰጡ።

በዚያው በ1950 ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት የመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ጀምሯል። በ1961ም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። የአዲስ አበባው መሠረት ግን የመንግሥት በጀትና የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ነበር። የቡናውና የቆዳው ትርፍ ኮሌጅ የተከለው ሸቀጡ በተመረተበት አገር ሳይሆን ባሕር ማዶ ነው። ቤስን ስለዚህ መክሰስ አይገባም፤ ገንዘቡ የእርሳቸው ነበር። ነገር ግን ከእኛ ወገን ለከፍተኛ ምርምር ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ፥ የገባበትን በር ካቆሙት ነገሮች አንዱ የአገሩ ሌጦ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

ስጦታው የጸናበት ምክንያት እንደ እኔ አስተያየት በመጠኑ ብቻ አይደለም። የጥንቱ ነገሥታት ለገዳም ጉልት ሲተክሉ መሬቱ ሳይነካ ፍሬው ብቻ እንዲበላ ያደርጉ እንደ ነበረ፥ ቤስም ለኮሌጁ ቋሚ መተዳደሪያ ሀብት ሰጡ። ሕንፃ ብቻ አሠርቶ መምህሩንና መጽሐፉን ለሌላ መተው በየአገሩ የተለመደ ነው፤ ሕንፃው ይመረቃል፥ ከጥቂት ዓመት በኋላም ጣሪያው ያፈስሳል።

የዓደኑ የቤስ የንግድ ቤት በ1969 በደቡብ የመን መንግሥት ተወረሰ። ለኮሌጁ የተሰጠው ገንዘብ ግን አስቀድሞ ከነጋዴው እጅ ወጥቶ ስለ ነበር ውርሱ አላገኘውም።