የጎረቤታሞች ግድግዳ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁና የጎረቤታችሁ ቤት በአንድ ግድግዳ ቢያያዝ፣ ግድግዳውም እኩሌታው በእናንተ፣ እኩሌታው በእሱ መሬት ላይ ቢቆም፣ ወጪው የማነው? ከፍ ላድርገው፣ ላፍርሰው ቢልስ?

በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው ራስ ምታት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1666 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ነው። ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት 13,200 ያህል ቤቶች በላ። አብዛኞቹ የእንጨት ነበሩ።

በ1667 የወጣው የግንባታ ሕግ የውጭ ግድግዳ ሁሉ በጡብ ወይም በድንጋይ ይሠራ አለ። ታዲያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገንዘብ አያገኝ! አንዱ ዘንድሮ ይሠራል፣ ሌላው ከሁለት ዓመት በኋላ። ቀድሞ የሠራው ሙሉውን ከፍሎ ጎረቤቱ በነፃ ይደገፍበት?

ሕጉ እንዲህ ፈታው። የጋራው ግድግዳ በሁለቱም መሬት ላይ እኩል ያርፋል። ቀድሞ የጀመረው ይሠራዋል፤ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ጫፍም የጎረቤቱ ጡብ የሚገጥምበት ጥርስ ጥርስ ያለ ቦታ ይተውለታል። ሁለተኛው ደግሞ የወጪውን ግማሽ ከመቶ 6 ወለድ ጋር ሳይከፍል መሥራት አይፈቀድለትም። ወለዱ የሚታሰበው የመጀመሪያው ሰው ግንባታ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው። እርሳስ ያዙና አስሉት፤ ግድግዳው 20 ፓውንድ ቢፈጅና ጎረቤት ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመጣ፣ ግማሹ 10 ፓውንድ፣ ወለዱ 1 ፓውንድ ከ4 ሺሊንግ። ያን ጊዜ ፓውንዱ 20 ሺሊንግ ነበር።

ይኸም ሆኖ ጠቡ አልጠፋም። በማይክሮስኮፕ አይቶ «ሴል» የሚለውን ስም ያወጣው ሊቅ ሮበርት ሁክ ከከተማው ቀያሾች አንዱ ነበር። ጎረቤታሞች ሲጣሉ ከባልደረቦቹ ጋር ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ለክቶ፣ ያየውን በጽሑፍ ያቀርብ ነበር። እንዲህ ያለ ሊቅ የሰው ግድግዳ ሲለካ መዋሉ፣ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ ነው። የጋራውን ግድግዳ ከፍ ሊያደርግ ወይም አፍርሶ ሊሠራ የፈለገ፣ ሁለት ወር አስቀድሞ ለጎረቤቱ በጽሑፍ ያስታውቃል። «ዝም አለ፣ እንግዲህ እሺ ብሏል» ማለት እዚያ አይሠራም፤ ጎረቤቱ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተስማማ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ያን ጊዜ አንድ ባለሙያ በጋራ ይመርጣሉ፤ ካልሆነም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ የተመረጡት ሁለቱ ደግሞ ሦስተኛ። ሥራው መቼና እንዴት እንደሚሠራ ባለሙያዎቹ ጽፈው ይወስናሉ።

የማስታወቂያው ወረቀት ረጅም አይደለም፦ የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነት፣ የሚጀመርበት ቀን።