ፊታቸውን ወደ መንገድ ያዞሩ የሐረር ሱቆች

በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ በሐረር ጀጎል ውስጥ «የህንድ ቤት» የሚባለው፣ ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ሆኖ የሚያገለግል የነጋዴ ቤት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ፎቅ ያለውና የእንጨት ሰገነቱ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የወጣ። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከከተማዋ የቤት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። ጎብኚው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግንቡና ስለ 82ቱ መስጊዶች ተነግሮት፣ ከአንዱ ሱቅ ውሃ ገዝቶ ያልፋል። ውሃውን የገዛበት ቤት ራሱ ቅርስ ሊሆን እንደሚችል አይጠረጥርም።

ቤቱ ምን አዲስ ነገር እንዳመጣ የሚታወቀው ከነባሩ የሐረሪ ቤት፣ ከ«ጌ ጋር» ጋር ሲተያይ ነው። ጌ ጋር ለመንገዱ ጀርባውን የሰጠ ቤት ነው፤ ላላፊ አግዳሚ የሚታየው ግንቡና የግቢው በር ብቻ ነው። ኑሮው ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። በዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ። አባወራው በየትኛው፣ እንግዳው በየትኛው እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የወለሉ ቀይ ቀለም ምኒልክ ሐረርን በያዙበት በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ማስታወሻ ነው ይባላል። እንዲህ ላለ ቤት ግላዊነቱ ክብሩ ነው፤ ለችርቻሮ ግን አይመችም። ማንም ገዢ አቡጀዲ ሊያማርጥ ሰው እልፍኝ ድረስ አይዘልቅም።

የንግዱ መልክ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ከተማዋ ለአሥር ዓመት ያህል በግብፆች እጅ ቆይታ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች፤ አስተዳደሯም ለራስ መኮንን ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የህንድ ነጋዴዎች በኤደንና በዘይላ በኩል እየመጡ ሰፈሩ። ጨርቃ ጨርቅ ያስገቡ ነበር፤ በመልሱ ቡናና ቆዳ ይወጣ ነበር። ከመካከላቸው ስሙ የገነነው መሐመድ አሊ የተባለው ድርጅት ሐረር ላይ ጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከአገር እስካስወጡት ድረስም ሠራ። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ቤት ለሥራቸው የተቆረጠ ነበር። የሱቁ በር በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታል። ባለቤቱ ሲመሽ ደረጃውን ወጥቶ ከሸቀጡ በላይ ይተኛል፤ ሲነጋም ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ገበያው ምን እንደሚመስል ያያል።

የሐረር ሰዎችም ነገሩን በሩቁ አላዩትም። ታችኛውን ክፍል ከነነደባው ይዘው፣ በላዩ ላይ ሰገነት ያለው ፎቅ የጨመሩ ቅይጥ ቤቶች ተሠሩ። የሱቅ ቤቱን የቅርስ ዋጋ በአንድ ማስረጃ አሳይ ለሚል ሰው ከእነዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ባዕድ ሆኖ የመጣው አሠራር ከተማው ውስጥ ሥር መስደዱን ይናገራሉና።

በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱም ቀስ በቀስ ወደዚያው ወረደ። ለነጋዴው ኪሳራ ነበር። ለሕንፃዎቹ ግን ሳይበጅ አልቀረም፤ ገንዘብ በሌለበት አሮጌን አፍርሶ አዲስ መገንባት የሚያምረው ሰው ጥቂት ነው።

ዛሬ ከእነዚህ ቤቶች ይበልጥ የሚታወቁት ሁለቱ በነጋዴ ስም አይጠሩም። አንዱ «የራምቦ ቤት» ነው፤ ባለ ቀለም የመስኮት መስታወቶችና በሥዕል ያጌጠ ጣሪያ አለው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የኖረና የነገደ ሰው ቢሆንም፣ ሕንፃው የተሠራው በ1884 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ እንደሆነ ይታመናል። ሁለተኛው «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚባለው ነው፤ አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ሆኗል። ሁለቱም የህንድ ነጋዴ ሥራ ናቸው ይባላል፤ ሁለቱም የዳኑት ግን የታላቅ ሰው ስም ስለተለጠፈባቸው ነው።

ስም ያልተለጠፈባቸው ሱቆች ዕጣ ይለያል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ በየከተማው ብዙ ሰፋፊ ቤቶች ለተከራይ ተሸንሽነዋል። የእንጨት መዝጊያ በላሜራ በር፣ ሰገነትም በብሎኬት ሲተካ ማንም ልብ አይለውም፤ አንድ በአንድ የሚሆን ነገር ነውና። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መለወጥ ይከለክላል። ሆኖም ባለሱቁ የያዘው ቤት ቅርስ መሆኑን ካልተነገረው ፈቃድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

የፊት ለፊቱን እንጨት ጠግኖ ሱቁን መዝጋትም መፍትሔ አይሆንም፤ የቤቱ ቅርስነት ከንግዱ የሚለይ አይደለምና። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው፣ በስፌት መኪና ድምፅ «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም ከሱቆቹ ደጃፍ ተቀምጠው ይሠራሉ። የሱቅ ቤቶች ምዝገባ መጀመር ያለበት ከዚህ መንገድ ነው።