ገበታው ለሁሉ፣ በሩ ለማን?

በህንድ የካስት ሥርዓት ውስጥ ከጋብቻ ቀጥሎ ጠብቆ የታጠረው አጥር የምግብ አጥር ነው። ጥሬ እህል ከማንም እጅ ይወሰዳል። እህሉን ውኃና እሳት ከነካው በኋላ ግን የአብሳዩ ማንነት አብሮት ይበስላል ተብሎ ይታመናል። የበታቹ የበላዩን ምግብ ይበላል፤ የበላዩ ግን ከበታቹ እጅ የበሰለ ሩዝ አይቀበልም። ትራፊማ ከሁሉ የባሰ ነው። ሌላው የነካው፣ አፉ የደረሰበት እህል እንደ እድፍ ይቆጠራል። እንግዲህ ይህን ሕግ በልቦናችን ይዘን ወደ ፑሪ እንሂድ። ሕጉ በየቀኑ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በካህናቱ ፈቃድ የሚጣሰው እዚያ ነውና።

ፑሪ በምሥራቅ ህንድ፣ በኦዲሻ ግዛት፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አናንታቫርማን ቾዳጋንጋ የተባለው ንጉሥ ያስጀመረው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ያለው በዚህች ከተማ ነው። ሂንዱዎች በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ሊሳለሙአቸው ከሚመኟቸው አራት ታላላቅ ቦታዎች አንዱ ነው። ስለ አራቱ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ፦ አምላካቸው ቪሽኑ በራሜሽዋራም ይታጠባል፣ በባድሪናት ይመሰጣል፣ በድዋርካ ያርፋል፣ በፑሪ ግን ምሳውን ይበላል። ስለዚህ የፑሪ ዝና ከጸሎቱ እኩል በማዕድ ቤቱ ነው።

የማዕድ ቤቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ያስደንቃል። ምድጃዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ማገዶው እንጨት፣ ድስቱ ሸክላ ነው፤ ብረት ድስት አይገባም። ሸክላዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይጣዳሉ፤ ምእመናኑ “ከላይ ያለው ቀድሞ ይበስላል” እያሉ ይገረማሉ። ውኃው የሚቀዳው ጋንጋና ያሙና ከሚባሉ ሁለት ጉድጓዶች ነው። አብሳዮቹ ሱአራ ይባላሉ፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፣ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም።

ምን ይበስላል? ሩዝ፣ ክክ፣ አትክልት፣ ጣፋጭ። ዳልማ የሚባለው ክክና አትክልት አብሮ የሚቀቀልበት ወጥ የታወቀ ነው። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም። የኛ ሰው “እንግዲህ የጾም ነው” ሊል ይችላል፤ ግን ቅቤና ወተት የተፈቀደ ነው። በአንጻሩ የኛን ባለሙያ ሴት ግራ የሚያጋባት ሌላ ነው፤ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ክልክል ነው። ያለ ሽንኩርት ወጥ ሥሪ ብትሏት ምን እንደምትላችሁ እናንተው ገምቱ! ድንችና ቲማቲምም አይገቡም። ከባሕር ማዶ በኋለኛው ዘመን የመጡ ባዕዳን ናቸውና ማዕድ ቤቱ እስከ ዛሬ አልተቀበላቸውም።

ምግቡ ሲበስል መጀመሪያ ለጃጋናት ይቀርባል። ቀጥሎ በዚያው ግቢ ላለችው ቢማላ ለተባለችው እንስት አምላክ ይቀርባል። ማሐፕራሳድ የሚለውን ስም የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው፤ “ታላቁ በረከት” እንደ ማለት ነው። ከዚያ አናንዳ ባዛር፣ ማለትም የደስታ ገበያ፣ ወደሚባለው የግቢው ክፍል ይወጣል። እዚያ ይሸጣል። አዎ፣ ይሸጣል፤ የዋጋ ክርክርም አይጠፋም። ገዢው ቤተሰቡን ሰብስቦ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ ወንበር የለም፣ ጠረጴዛ የለም። በሙዝ ቅጠል ላይ ወይም ከሸክላው በእጁ ይበላል።

ትልቁ ነገር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማሐፕራሳድ አይረክስም። የማንም እጅ ቢነካው፣ የማንም አፍ ቢደርስበት እድፍ የለውም። ብራህማኑ የበታቹ ከበላበት ሸክላ ይበላል፤ የማያውቀው መንገደኛ ቢያጎርሰው አፉን ይከፍታል። በመንደሩ ቢሆን የሰውየው ጥላ ሲያርፍበት የሚታጠብ የነበረ ሰው፣ እዚህ ከሰውየው እጅ ይጎርሳል። ደርቆ የተቀመጠው ሩዝ ደግሞ በየቤቱ ይያዛል፤ ለሚያጣጥር ሰው በአፉ ጠብ ይደረግለታል። በኦዲሻና በጎረቤቷ በቻቲስጋር ማሐፕራሳድ ተቀባብለው የዕድሜ ልክ ወዳጅነት የሚገቡ ሰዎች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ሥጋ ዘመድ ናቸው። የኛን የጡት ልጅነት ያስታውሳል።

ታዲያ ፑሪ የእኩልነት አገር ናት ማለት ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ከማዕድ ቤቱ ወጥተን በሩ ላይ መቆም አለብን።

(የህንዶቹን ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።) በ1803 ፑሪን የያዘው የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከተሳላሚው ግብር ይሰበስብ ነበር። በ1809 ባወጣው ደንብ ላይ ወደ ቤተ መቅደሱ እንዳይገቡ የተከለከሉት ወገኖች በስም ተዘርዝረዋል፤ ቆዳ ሠሪው አለበት፣ ዓሣ አጥማጁ አለበት። ክልከላውን ኩባንያው አልፈጠረውም፤ የቆየውን ልማድ በመንግሥት ወረቀት ላይ አሰፈረው። ለተከለከሉት የተተወላቸው አንድ ነገር ነበር። በአንበሳው በር መግቢያ ላይ ፓቲታፓባና የሚባል የጃጋናት ምስል አለ፤ “የወደቁትን የሚያነጻ” ማለት ነው። መግባት የማይችለው ሰው ከመንገድ ላይ ሆኖ እሱን ይሳለማል።

ማሐፕራሳዱስ? እሱ በበሩ ይወጣል። ሰውየው ሊገባበት በማይችለው በር ምግቡ ወጥቶ እጁ ይደርሳል። ይህን ደግነት ልንለው እንችላለን፤ ስድብም ልንለው እንችላለን። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም አለበት።

ማሕተማ ጋንዲ ይህ ነገር እንቅልፍ ከነሳቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። በሜይ 1934 “የማይነኩ” ስለሚባሉት ወገኖች የእግር ጉዞ የጀመሩት ከፑሪ ነው። ቤተ መቅደሱ ግን ለእነዚያ ወገኖች ዝግ ስለ ነበር እሳቸውም አልገቡም። ከ4 ዓመት በኋላ፣ በማርች 1938፣ ለስብሰባ በፑሪ አቅራቢያ ወዳለችው ዴላንግ መጡ። በዚያን ጊዜ ባለቤታቸው ካስቱርባና የጸሐፊያቸው የማሐዴቭ ዴሳይ ሚስት ፑሪ ሄደው ቤተ መቅደሱን ተሳልመው ተመለሱ። ጋንዲ ሲሰሙ ክፉኛ አዘኑ። ጥፋቱንም ከሴቶቹ ይልቅ በራሳቸውና በዴሳይ ላይ ጣሉት፤ ጉዳዩን ለሚስቶቻችን አላስረዳንም ነው ነገሩ። ዴሳይ ሥራዬን ልልቀቅ እስከ ማለት ደረሰ፤ ጋንዲ አልፈቀዱም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ለካስቱርባ ያዝናል፤ እኔም አዝናለሁ። አንዲት አማኝ ሴት እድሜዋን ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ደጃፍ ላይ ደርሳ ብትገባ ምን አጠፋች? ነገር ግን የባልየውም ክርክር ቀላል አይደለም። ውስጥ ያለው ገበታ የቱንም ያህል እኩል ቢሆን፣ እኩል የሆኑት በሩ ያሳለፋቸው ብቻ ናቸው።

ይህንኑ ጥያቄ ከሌላ ወገን የያዘው ሰው ሳሆዳራን አያፓን ነው። በ1917 በደቡብ ህንድ፣ በዛሬው ኬረላ፣ ቼራይ በምትባል መንደር የልዩ ልዩ ካስት ሰዎችን ሰብስቦ አብረው እንዲበሉ አደረገ። ከዝቅተኛው ወገን ከፑላያዎች ጋር በመብላቱ የራሱ ወገኖች “ፑላያን አያፓን” ብለው ሰደቡት፤ እሱ ግን ስሙን ወደደው። የቼራይን ምሳ ከፑሪ ምሳ ጋር አስተያዩት። በፑሪ ሰዎቹ አብረው የሚበሉት ምግቡ ቅዱስ ስለ ሆነ ነው። በቼራይ ምግቡ ተራ ምግብ ነበር፤ አብረው የበሉት ሰዎቹ ሰው ስለ ሆኑ ነው። የቼራዩ ምሳ የአንድ ቀን ምሳ ሲሆን የፑሪው ለዘመናት ኖሯል። ሆኖም ከፑሪ ምሳ የተነሣ ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ አጥሩን እንደ ቀድሞው ቆሞ ያገኘዋል፤ ከቼራይ ምሳ የተነሣው ግን ተሰድቦና ተገልሎ ቢሆንም አጥሩን ጥሶ ነው የተነሣው።

በ1950 የጸናው የህንድ ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጹ “አለመነካትን” ሻረ። ዛሬ የትኛውም ካስት የሆነ ሂንዱ ወደ ፑሪ ቤተ መቅደስ የመግባት መብት አለው። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ግን ዛሬም አይገባም። በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ ራሷ፣ ባሏ ፓርሲ ነበር ተብሎ፣ ቤተ መቅደሱን ከግቢው ውጪ ካለ ሕንጻ ላይ ሆና ለማየት ተገድዳለች። የአገር መሪነቷ በሩን አላስከፈተላትም።

እኛስ? ይህን አንብቦ “የህንድ ነገር” ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። የፑሪ ማዕድ ያለ ሸክላ ሠሪ አይሆንም፤ የኛም ምጣድ፣ ጀበና፣ ድስት እንዲሁ። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን “ቡዳ” ብለን፣ የሠሩትን እየገዛን ከገበታችን ያራቅን እኛው ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ መናገር ያስፈለጋቸው ስድቡ ስለ በዛ ነው። በካፋ የማንጃ ተወላጅ ከሌላው ጋር አንድ ገበታ ላይ አይቀመጥም የሚለው ልማድ በአያቶቻችን ዘመን የቀረ ተረት አይደለም፤ የኛ ዘመን ሰዎችም የቀመሱት ነው። በዝክርና በሰንበቴ ጠበሉ ለሁሉም ይዳረሳል፤ ግን ማን ከየት ተቀምጦ፣ በምን ዕቃ እንደተቀበለ ያየ ሰው ያውቀዋል።

የፑሪን ማዕድ አልንቅም። ሰው ከሰው እጅ መጉረስ እንደሚችል፣ ከጎረሰም በኋላ ምንም እንደማይሆን በየቀኑ ያሳያል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ሰዓት የተቻለ ነገር ቀኑን ሙሉ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ከዚያ ገበታ ለሚነሣ ሰው፣ በኛም አገር ከጽዋና ከድግስ ለሚነሣ ሰው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አብሮህ የበላው ሰው ነገ ቤትህ ቢመጣ የት ታስቀምጠዋለህ?