ሁለት ምዕተ ዓመት በአንድ አዳራሽ

አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበትን 200ኛ ዓመት በርችትና በሰልፍ ታከብር በነበረበት በ1976 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር)፣ በሴፕቴምበር 30 ቀን፣ በሎስ አንጀለስ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር «የጥቁር አሜሪካውያን ጥበብ ሁለት ምዕተ ዓመት» የተሰኘ ዐውደ ርእይ ተከፈተ፤ ይኸውም ከ1750 እስከ 1950 የተሠሩትን፣ ቍጥራቸው ከ200 የሚበልጠውን ሥራዎች በአንድነት አሰባስቦ፣ በአገሪቱ የሥዕል ዜና መዋዕል በኅዳግ እንኳ እምብዛም ላልተጻፉት ጠቢባን ሐረገ ትውልዳቸውን ቈጠረላቸው።

ነገሩ ከሹማምንቱ በጎ ፈቃድ ብቻ የመነጨ አልነበረም። በ1948 በጽዳት ሠራተኛነት ወደ ቤተ መዘክሩ የገባው ሴሲል ፈርገርሰን ከባልደረባው ከክሎድ ቡከር ጋር በ1968 የጥቁሮች ጥበብ ማኅበር አቋቁሞ፣ ደጅ ሲጠኑና ሲሟገቱ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው በሩ የተከፈተው። ሥራዎቹን መርጦ የማዘጋጀቱም ኀላፊነት በፊስክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ክፍል ሹም ለነበረው ለዴቪድ ድሪስክል ተሰጠ፤ እርሱም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ (የኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ኋላ ብዙ ዘመን ባስተማረበት ቤት) ከሊቁ ከጄምስ ፖርተር እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው ነው።

ድሪስክል ትረካውን ከሸራ ሥዕል አልጀመረም። በባርነት ቀንበር ሥር ሆነው ሸክላ የሠሩትን፣ ብረት የቀጠቀጡትንና እንጨት የጠረቡትን፣ አብዛኞቹም ስማቸው እንኳ ያልተመዘገበላቸውን ባለ እጆች በመግቢያው አቆማቸው፤ ባለ እጅን መናቅ እኛም የማናጣው ነውር ነውና የዚህ ምርጫ ድፍረቱ አይሰወረንም።

ከእነዚህ ቀጥሎ ከሚመጡት መካከል የኤድዋርድ ባኒስተር ታሪክ በተለይ ከበዓሉ ጋር የተሳሰረ ነው። ልክ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1876፣ አገሪቱ አንደኛውን ምዕተ ዓመቷን በፊላደልፊያ ስታከብር «ከባሉጥ ዛፎች ሥር» የተባለው ሥዕሉ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ፤ ባኒስተር ግን ወሬውን ሊያረጋግጥ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በገባ ጊዜ፣ የሥዕሉ ሠዓሊ እርሱ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ፣ በቆዳው ቀለም ተንቆ የሚመልስለት አላገኘም። ሥዕሉም እስከ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።

በዚያው በፊላደልፊያ፣ አባቷ ጥቁር፣ እናቷ ከኦጂብዌ ነገድ የሆነችው፣ በሮም ትኖር የነበረችው ቀራጺት ኤድሞኒያ ሉዊስ ክሊዮፓትራን በዙፋኗ ላይ ሞታ የሚያሳይ የእብነ በረድ ሐውልት አቅርባ ነበር። ይህን የመሰለ ሥራ ገዢ አጥቶ፣ በቺካጎ አቅራቢያ በእሽቅድድም ሜዳ በዚሁ ስም ለተጠራ ፈረስ የመቃብር ምልክት ሆኖ ቆመ፤ በመጨረሻም በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ክብሩ ተመለሰለት።

ዐውደ ርእዩ ወደ አትላንታና ወደ ዳላስ ተጕዞ በ1977 ብሩክሊን ሲደርስ፣ የኒው ዮርክ ታይምሱ ሐያሲ ሒልተን ክሬመር፣ የቀረበው ጥበብ ነው ወይስ የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ብቻ ነው ሲል ጠየቀ። ሥራዎቹ ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ እንዳልሆኑ እኔም አልክድም፤ በባልቲሞር የነጋዴ ቤተ ሰቦችን ይሥል የነበረው የጆሹዋ ጆንሰን ፊቶች ደርቀው የሚታዩበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በእርሱ ዘመን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ መልክ ይሥሉ የነበሩት ነጮች፣ እጃቸው ከእርሱ ሳይሻል፣ በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ይህን ጥያቄ ያነሣባቸው ሐያሲ አልነበረም።