ጨጓራ ተራ ከረጢት አይደለም

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ «ድሮ ጨጓራ ሲቆስል ምን ያደርጉ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ይቆርጡት ነበር! ታሪኩ ግን ረዘም ይላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥር 1881 ቪየና ውስጥ ቴዎዶር ቢልሮት የተባለ ቀዶ ሐኪም ካንሰር የያዛት የአንዲት ሴት ጨጓራ የታችኛውን ክፍል ቆርጦ አወጣና የቀረውን ከትንሹ አንጀት ጋር ሰፋው። በዚያው ዓመት ፖላንዳዊው ሉድቪክ ሪዲጊየር ይህንኑ ዘዴ ለቁስለት ተጠቀመበት። በ1910 ደግሞ «አሲድ በሌለበት ቁስለት የለም» የሚል አስተሳሰብ መጣ። እንግዲህ አሲዱን ለመቀነስ ከጨጓራው ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቁረጥ የተለመደ ሕክምና ሆነ። በ1943 ሌስተር ድራግስቴት ቺካጎ ላይ አሲድ እንዲመነጭ የሚያዘውን ቬገስ የተባለውን ነርቭ መቁረጥ ጀመረ።

ቁስሉ ብዙ ጊዜ ይድናል። ችግሩ የሚመጣው ገበታ ላይ ነው።

ጨጓራ ምግቡን ይዞ፣ ፈጭቶ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው ወደ አንጀት የሚለቀው። በር ጠባቂው ሲቆረጥ ምግቡ በአንዴ ይወርዳል። በተለይ ጣፋጭ ነገር ከሆነ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ሰውየው በልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ስኳሩ ዝቅ ይልና ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞች ይህን «ዳምፒንግ» ይሉታል። መብላት የሚፈራ ሰው ደግሞ መክሳቱ አይቀርም።

ሌላው ጉዳት ድምፅ የለውም። አሲድ ሲቀንስ ብረት በደንብ አይመጠጥም፤ ደም ማነስ ይመጣል። ቫይታሚን ቢ12 ወደ ደም ለመግባት ጨጓራ የሚያመነጨው ልዩ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ጉበት የቢ12 ስንቅ ለዓመታት ስለሚይዝ ጉድለቱ የሚታየው ቀዶ ጥገናው ከተረሳ በኋላ ነው፦ ድካም፣ የእግር መደንዘዝ፣ መርሳት። «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

በ1982 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ላይ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከጨጓራ የተወሰደ ባክቴሪያ ማሳደግ ቻሉ። ለብዙው ቁስለት ዋናው መነሻ ይኸው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ እንደሆነ ታወቀ፤ በ2005 ኖቤል ተሸለሙበት። መቶ ዓመት በቢላዋ የታከመው በሽታ ለሁለት ሳምንት በሚወሰድ ክኒን የሚድን ሆነ! ዛሬ ቢላዋው የሚነሳው በአብዛኛው ቁስሉ ጨጓራውን ሲበሳ፣ አልቆም ያለ ደም ሲፈስ ወይም መውጫው ሲዘጋ ነው።

ወዳጆቼ፣ ቀዶ ጥገናው ቀረ ማለት የተቆረጡት ሰዎች ቀሩ ማለት አይደለም። አባታችሁ ወይም አክስታችሁ ድሮ ጨጓራቸውን ተቆርጠው ከሆነ ለሚያክማቸው ሐኪም ይንገሩ፤ የብረትና የቢ12 መጠናቸው በደም ምርመራ ይታይ። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ ጾም የሚያዘወትሩ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ፤ ውሃውን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብለው ይጠጡ። «ብላ እንጂ!» እያላችሁ በትልቅ ጉርሻ አታስጨንቋቸው።