የወል ክልከላ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ክረምት ሲገባ ሣር ይጠበቃል። ሽማግሌዎቹ ሲከለክሉ «ከብት አይግባ» ይላሉ እንጂ የበሬ ስም አይጠሩም። ቡሬ ተብሎ ቢከለከል ዳልቻ ይገባል፤ ዳልቻን ሲያስወጡት ወይኖ።

የአደንዛዥ መድኃኒት ሕግ ለረጅም ዘመን የበሬውን ስም ሲጠራ ኖሯል። ኢትዮጵያም የተቀበለችው የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት (እ.ኤ.አ.) በሠንጠረዦቹ የዘረዘረው ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ፌንታኒል እያለ ነው። ናይታዚን የሚባሉት ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች በስም የመከልከልን ክፍተት አጋለጡት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ባዝል ከተማ በሲባ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተገኙ፤ መድኃኒት ሆነው ግን ገበያ አልወጡም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በየአገሩ ብቅ አሉ። አንዳንዶቹ ከፌንታኒል ይበረታሉ፤ ትንፋሽ ያቆማሉ። አንዱ በስሙ ሲታገድ ሠሪው ከሞለኪዩሉ አንዲት ጫፍ ቀይሮ ሕጉ የማያውቀውን ሌላ ያመጣል።

ስለዚህ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2019 የፌንታኒልን ዘመዶች ሁሉ፣ ብሪታንያ በ2025 ናይታዚኖችን በጋራ ቅርጻቸው ከለከሉ። ይህን አሠራር በአማርኛ «ጄኔሪክ ቁጥጥር» ማለት ያሳስታል፤ ፋርማሲስቱ ጄኔሪክ ሲባል የሚታየው የንግድ ስም የሌለው መድኃኒት ነው። «የቤተሰብ ቁጥጥር» ብንልም ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ይወስደናል። እኔ «የወል ክልከላ» እላለሁ። ሰዋስው ያስተማረን የተጸውዖ ስምና የወል ስም አለን፤ አሮጌው ሕግ በተጸውዖ ስም፣ አዲሱ በወል ስም ይከለክላል።

እኛ ዘንድ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 እና የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 አሉ። የወል ክልከላ ቢጨመርላቸው ደስ ይለኛል፤ የምፈራው አረቃቀቁን ነው። በቀዶ ሕክምና የተገላገለች እናት ሌሊቱን የምታልፈው በትራማዶል ወይም በፔቲዲን መርፌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ትራማዶል ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ የመከረውም፣ ሌላ ማስታገሻ በማይገኝበት አገር ያለው በሽተኛ ባዶ እጁን እንዳይቀር ብሎ ነበር። የወሉ ስም ሰፍቶ ከተጻፈ ግን እንዲህ ያለውን መድኃኒት ጠራርጎ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ የሕክምናው ፈቃድ ከክልከላው ጋር፣ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ይጻፍ። ሣሩን የሚጠብቁት ሽማግሌዎችም ቢሆኑ «ከብት አይግባ» ሲሉ የሚያርሰውን በሬ ለይተው ነው።